ለኢድ የተላከው ፍራፍሬ

አሰላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ እንደሻው ገብረ መድህን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካሉበት ይድረስ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ሕመምስ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ከጭላሎ መውረድ ጀምሯል፤ ስንዴው እየታጨደ ስለሆነ ከተማው አቧራና ገለባ ሆኗል።

ባለፈው ስልኩ ሲቋረጥ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ገምቼ ቀረሁ። እዚያ መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ብንጻጻፍ ይሻላል። ወረቀት ቢዘገይም መሃል ላይ አይቋረጥም።

ወደ አገርዎ ተመልሰው በአባትዎ ቤት ሊኖሩ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። እንዳዘዙኝ ፍርድ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። በልጅነትዎ ወደ ኩባ ሲላኩ የተመዘገበው ስምዎ ከአባትዎ ወረቀት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የአቶ ገብረ መድህን ልጅ መሆንዎን የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ይመስክር፣ ያለዚያ ቤቱ ወደ ስምዎ አይዞርም ብለዋል። ቀጠሮው ለመጋቢት 25 ነው።

የሚያውቅዎ ሰው ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም፤ አልቀረማ። የቀሩት ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሐጂ ጉቱ ብቻ ናቸው። ከአባትዎ ጋር አብረው ዘምተው ብቻቸውን የተመለሱት እሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው የወጣት ነው። ነገሩን ስነግራቸው "በሰው ትከሻም ቢሆን እሄዳለሁ" አሉኝ።

እኔ እንደሚያውቁት ነኝ። በዝምድና ብንራራቅም፣ እናቴ ዘመናይ የአባትዎ የአክስት ልጅ ብቻ ብትሆንም፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። የፊቱ ክፍል ውስጥ ምድጃ ሠርቼ ዳቦ እየጋገርኩ እሸጣለሁ፤ የምኖረውም በሱ ነው።

ከማን ጋር ነው የሚመጡት? ስንት ሆናችሁ? የትኛውን ክፍል ላዘጋጅ? ይህን ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ፤ እኔም ራሴን ማዘጋጀት አለብኝ።

በሰላም ያገናኘን።
ፋናዬ


ሳንቲያጎ ደ ኩባ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋናዬ፣

የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም ቤቱንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐጂ ጉቱ በሕይወት አሉ ያልሽውን ስደርስበት ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባቴ ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ የእጅ ሰዓቱን ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ከሌሎቹ የዘማች ልጆች ጋር በመርከብ ወደዚህ መጣሁ። አርባ ስድስት ዓመት ሆነኝ።

እንግዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን በርሜል ቤት ቁልፍ ባለፈው ወር አስረከብኩ። ባለቤቴም ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። የቀረችኝ ልጄ ትንቢት ናት፤ እሷም ከእኔ ጋር ትመጣለች።

ስለ ክፍሎቹ ጠይቀሽኛል። አስቤበታለሁ፣ በወረቀትም ሥየዋለሁ። የኋላው ክፍል ጠዋት ፀሐይ ስለሚያገኝ ለትንቢት ይሁን። መካከለኛው ለእኔ ይበቃኛል። የፊቱ ለመንገድ ቅርብ ስለሆነና ቀዝቃዛ ስለሆነ ለበርሜሎቼ ይሆናል፤ የአሰላ አየር ለምን ለምን እንደሚሆን ስመጣ ታያለሽ። ምድጃውን ማፍረስ ከባድ ነው? በሸክላ ነው ወይስ በሲሚንቶ የተሠራው? ይህን ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ናዝሬት የምትባል የአሰላ ልጅ ናት፤ የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሰጥቻታለሁ። ላዩ ላይ እንደተጻፈው ፍራፍሬ ነው። አያያዙን ለብቻው በፖስታ እጽፍልሻለሁ፤ ያ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ድረስ ግን እንዳትከፍቺው። አደራ።

ኢድ ከቀጠሮው በፊት እንደሚውል ቆጥሬያለሁ። ለሐጂ ጉቱ በእኔ ስም አንድ ነገር ይዘሽ ግቢ። ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

እቅፍ አድርጌ ስሜሻለሁ።
እንደሻው


አሰላ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ እንደሻው፣

ጤና ይስጥልኝ። ትንቢት ደህና ናት? እኔ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከብዶኝ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የሆነው እንዲህ ነው። ናዝሬት ጠርሙሱን በደህና አድርሳልኛለች፤ "የተዘፈዘፈ ፍራፍሬ ነው ብለውኛል" አለችኝ። ላዩ ላይም በእጅዎ "ፍራፍሬ" ተብሎ ተጽፏል። ስለ አያያዙ እጽፋለሁ ያሉትን ጠበቅሁ። አልመጣም። ኢድ ግን መጣ።

በእኛና በሐጂ ቤት መሃል ያለውን ልማድ ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውንም እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በፋሲካም በኢድም በአጥሩ የሚተላለፈው ዳቦ፣ ማርና ፍራፍሬ ነው። ፍራፍሬ የማንም አይደለም፤ ማንም ይበላዋል። ሐጂም ከእናቴ ዘመን ጀምሮ ከእኛ ቤት የመጣ ፍራፍሬ ሲሆን ሳይጠይቁ ነው አፋቸው የሚያደርጉት። ይህን አስቤ ከጠርሙሱ አወጣሁና በሳህን አድርጌ "እንደሻው የላከልዎ ነው" ብዬ ሰጠኋቸው። እኔ ሁዳዴ ስለሆነ፣ ሰዓቱም ገና ስለነበር፣ አልቀመስኩትም።

ለካ በአረቄ የተነከረ ኖሯል። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ልጆቻቸው ከአርቦዬም ከአቦምሳም መጥተዋል። ሳህኑ ተመለሰልኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ እግሬን ወደዚያ አላነሳሁም።

ጋሼ፣ ምነው አረቄ ከሆነ አረቄ ብለው በጻፉት?

ስለ ቀጠሮው አሁን መጻፍ አልችልም። ልቤ ሲረጋ እጽፋለሁ።

ፋናዬ


[በደብዳቤው ራስ ላይ በእርሳስ፦ "ሚያዝያ 6 ደረሰኝ። ፋናዬ"]

ሳንቲያጎ ደ ኩባ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋናዬ፣

ናዝሬት ከሄደች ስምንት ቀን ሆናት። ይህ ደብዳቤ ከእሷ ኋላ ቢነሳም ከኢድ በፊት እንደሚደርስሽ ተስፋ አለኝ። አሁን በነፃነት ልጻፍ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሩም ነው፣ ማለትም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አረቄ። የወንጂን አገዳ አስቢ። ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ይጠነሰሳል፣ ይወጣል፣ ከዚያ በእንጨት በርሜል ይተኛል። የእናትሽ አረቄ በወጣ በማግሥቱ ይጠጣ ነበር፤ ይህ አሥራ አንድ ዓመት ተኝቷል። ሲገባ እንደ ውኃ ነበር፤ ቀለሙን የሰጠው እንጨቱ ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ ትንሽ ትንሽ ይተናል። እዚህ ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የመላእክቱን ድርሻ በአፍንጫዬ ስሰርቅ ኖሬያለሁ።

ፍራፍሬውን የጨመርኩት እኔው ነኝ። በፀሐይ የደረቀ አናናስ፣ ዘቢብና የብርቱካን ልጣጭ ነው። ልጣጩ ሲላጥ ነጩ እንዳይከተል፤ ነጩ ካለበት ሁሉም ይመራል። አርባ ቀን ይቀመጣል፣ በሳምንት አንዴ ይነቀነቃል።

አጠጣጡን ልንገርሽ። እዚያ አረቄ በመለኪያ ተቀድቶ አንዴ እንደሚጨለጥ አልረሳሁም። ይህን የጨለጠ ሰው አሥራ አንድ ዓመት በከንቱ ጣለ። መለኪያውን ተዪውና በሻይ ብርጭቆ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቅጂ። በረዶ አይገባበትም፤ የአሰላ ብርድ ይበቃዋል። እንዲያውም ብርጭቆውን በመዳፍሽ ይዘሽ አሙቂው። ወዲያው አትጠጪ፣ ታገሺ። ስታሸቺ አፍንጫሽን አትክተቺበት፤ ከአገጭሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢና አፍሽን ገርበብ አድርገሽ ሳቢ። መጀመሪያ እንጨቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ብርቱካኑ፤ አናናሱ ዓይን አፋር ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስን ለማስተዋወቅ ናትና አትፍረጂባት። ሁለተኛዋን አፍሽ ውስጥ አቆዪያት። በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ከምግብ በኋላ ነው። አጠገቡ ጨው የሌለው የበቆጂ ገብስ ቆሎ ካለ ሌላ አያስፈልግም። ከሚያጫውትሽ ሰው ጋር ጠጪው፤ አንዲት ብርጭቆ አንድ ሰዓት ልታቆይሽ ይገባል። የሩም ጥቅሙ ሰውን ማስቀመጡ ነው።

ፍሬውን ግን ተጠንቀቂ። አርባ ቀን ሙሉ ሲጠጣ የከረመው እሱ ስለሆነ ከሩሙ ይልቅ የሚያሰክረው እሱ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ከዚህ ጠርሙስ ወደ ሐጂ ጉቱ ቤት ምንም እንዳይሄድ። ጠርሙሱ ላይ የጻፍኩትን አትመኚው፤ ለእሳቸው ማር ወይም ቴምር ግዢ። ይህን ልጽፍልሽ ነው የተጣደፍኩት።

ስመጣ በኮሽም እሞክረዋለሁ። ኮምጣጣነቱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ብርቱካኑንም ከአቦምሳ እናመጣለን። እነዚህ ሁለቱ በአንድ በርሜል ሲገናኙ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም።

እንደሻው


ሳንቲያጎ ደ ኩባ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋናዬ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ግንቦት 27 ደረሰኝ። አምስት ቀን ዝም ያልኩት በንዴት የጻፍኩት እንዳይሄድ ብዬ ነው። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። ናዝሬት ጸሎተኛ ልጅ ናት፤ መጠጥ መሆኑን ብታውቅ አትሸከመውም ነበር። ስለዚህ በሽሮፕ የተዘፈዘፈ ፍራፍሬ ነው ብዬ ዋሸኋት፣ ላዩም ላይ "ፍራፍሬ" ብዬ ጻፍኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አንዲት ልጅ አታለልኩ። ይህን አልክድም።

ነገር ግን አትክፈቺው ብዬሽ ነበር። ይህ አንድ። ሁለተኛውን ሳስብ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ያ ጠርሙስ ሲከፈት ሽታው ክፍል ይሞላል። ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ የዘመናይ ልጅ ነሽ። ከዓመታት በፊት የጻፍሽልኝ ደብዳቤ አሁን እጄ ላይ አለ። እናትሽ ጓሮ አረቄ ስታወጣ የመጀመሪያውን ጠብታ የምታስሸትተው አንቺን እንደነበር፣ "ገና ነው" ወይም "ደርሷል" የምትያት አንቺ እንደነበርሽ ጽፈሽልኛል። በዚህ ስንመሳሰል ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ለባለቤቴ አንብቤላት ነበር።

እና እንዴት ነው ፋናዬ? የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ የለየሽውን ሽታ በሃምሳ ዓመትሽ አጣሽው?

ሌላም አለ። መጋቢት 25 ምን ሆነ? "ልቤ ሲረጋ" ብለሽ አልፈሽዋል። ሐጂ ቀርተዋል ብዬ ልውሰደው? ትንቢት በእስፔን በነርስነት ሥራ አግኝታለች፣ አባዬ አብረን እንሂድ ትለኛለች። ቤቱ የእኔ ካልሆነ የት እገባለሁ? አብሬያት መሄዴ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ወደ አሰላ የሚመልሰኝ የለም። እስከ መስከረም 30 መልስ ስጠኝ ብላኛለች።

ከዚህ በፊት የላክሽልኝን ሁሉ አምኜሻለሁ። አሁን እውነቱን ጻፊልኝ።

እንደሻው


አሰላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት የሚያፍር ሰው ሰላምታ ሲያስረዝም ስለሚያስታውቅበት ነው።

አውቄ ነው።

ጠርሙሱን የከፈትኩት ከኢድ ሦስት ቀን በፊት ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ የእናቴ ጓሮ መጣብኝ። ወዲያው ዘጋሁት። ያን ዕለት ወደ ሐጂ ቤት ልወስደው አላሰብኩም፤ ሐሳቡ የመጣው በማግሥቱ ምድጃውን እየጠረግሁ ነው። ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለትንቢት ክፍል አለ፣ ለእርስዎ አለ፣ ለበርሜሎቹ አለ። ስሜ ከሰላምታው በኋላ ተመልሶ የመጣው ምድጃዬ ሸክላ ነው ወይስ ሲሚንቶ ብለው ሲጠይቁኝ ነው። ሂጂ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሂጂ ሲባል ሰው ይከራከራል። እኔን ጨርሶ አላዩኝም።

እና ሐጂ ከተቀየሙ አይመሰክሩም፣ ካልመሰከሩ ቤቱ እንደነበረ ይቆያል አልኩ። ያንን አስቤ ነው ሳህኑን የተሸከምኩት።

ባለፈው ያልጻፍኩልዎትን ልጻፍ። ሐጂ በእንግዶቻቸው መሃል አንዲት አናናስ አንስተው ከንፈራቸው ድረስ አደረሷት። ሽታው ሲደርሳቸው ቆም አሉ። ቀስ ብለው መለሷትና ሳህኑን በጨርቁ ሸፈኑት። "ይህን በኋላ ብቻዬን ነው የምበላው" አሉ፤ እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ማንም እንዳያየኝ ነው ያደረጉት። አሥር ሰዓት ሲል ሳህኑን ራሳቸው፣ በዱላቸው እየተደገፉ፣ አመጡልኝ። "እንደሻው አገሩን ረስቷል፣ አትቆጪው" አሉኝና ሄዱ። እኔም ጥፋቱን ለእርስዎ ተውኩት።

መጋቢት 25 ይቀራሉ ብዬ ነበር። ከእኔ ቀድመው ፍርድ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዳኛዋ ጠየቀቻቸው። ስለ አባትዎ፣ ስለ ሰዓቱ፣ እርስዎ በተወለዱ ቀን ስለዘነበው በረዶ ሳይቀር ተናገሩ። ጨርሰው ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። "ሌላ ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ። የገብረ መድህንን እናት አሥራ ሁለት ዓመት ከአልጋ ያነሳቻት፣ ያጠበቻት፣ ዓይኗን የከደነችላት ይህች ልጅ ናት። ይህም ይጻፍልኝ" አሉ። ተጻፈ። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ውሳኔው ግንቦት 14 ወጣ። ቤቱ የእርስዎ ነው። ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሦስት ወር ሳጥን ውስጥ ያቆየሁት ሌላ ተንኮል አስቤ አይደለም። ሐጂ መሰከሩ ብዬ ከጻፍኩ ምን እንዳሉ መጻፍ አለብኝ፤ ያንን ከጻፍኩ ደግሞ ያደረግሁትን መጻፍ አለብኝ። ፈራሁ። እስፔን የሚለውን ሳነብ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ደስ አለኝ፤ ይህንንም ይወቁት። በማግሥቱ ራሴን ጠላሁት።

መስከረም 30 ሳያልፍ እንዲደርስዎ በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ፋናዬ


ሳንቲያጎ ደ ኩባ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋናዬ፣

ደብዳቤሽ መስከረም 24 ደረሰኝ፣ ቀኑ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው። ትንቢት ብቻዋን ትሄዳለች። እኔ ከጥምቀት በፊት አሰላ እገባለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ወረቀቱን ሳገላብጠው የተሰማኝ ደስታ ይሁን ንዴት አላወቅሁትም። ነገር ግን የጥር ደብዳቤዬን ቅጂ አውጥቼ አነበብኩት። እውነትሽን ነው፣ የለሽበትም። ላስወጣሽ አስቤ አልነበረም። ከዚያ የባሰ ነው፤ ስለ አንቺ አላሰብኩም። በርሜል የት እንደሚቀመጥ አንድ ሳምንት ሳስብ፣ አያቴን ያጠበች ሰው የት እንደምትተኛ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ምድጃው አይፈርስም። በርሜሎቹ ጓሮ ይሄዳሉ።

ሐጂን ግን እኔ እስክመጣ አትጠብቂ። ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው ቆይ አይሉትም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን፣ በዚያኑ ቀን፣ ሂጂና ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያቸው። የእኔንም ውሸት ለእሳቸው ለብቻው ጽፌ እዚህ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ አንቺው አንብቢላቸው።

እንደሻው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ እንደሻው፣

እንደምን ሰነበቱ? መንገድዎን እግዚአብሔር ያቅናልዎ።

ደብዳቤዎ ኅዳር 23 ደረሰኝ። እንዳሉኝ በዚያኑ ቀን ሄድኩ፤ ዱቄት የነካውን ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡ በሩን ከፈቱልኝ። ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። "አንብቢ" አሉኝ። የእርስዎን አነበብኩላቸው። ናዝሬትን እንዴት እንዳታለሉ፣ "ፍራፍሬ" ብለው ለምን እንደጻፉ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ወደ እትዬ ፋጡ ዞረው "አላልኩሽም? የላኪው ጥፋት ነው አላልኩም?" አሉ። ዝም ብዬ ብወጣ እችል ነበር፤ የሚያውቅብኝም ሰው አልነበረም።

"ሐጂ፣ እኔ አውቄ ነው ያመጣሁት" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ፍራፍሬውን። አረቄ መሆኑን በሽታው አውቄያለሁ። እንዲቀየሙና ፍርድ ቤት እንዳይመጡ ብዬ ነው።"

እትዬ ፋጡ የያዙትን ሰፌድ መሬት አስቀመጡ። ሐጂ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ እንዴት ጥሩ ነበር።

"ለሊሳን ታውቂዋለሽ" አሉ። ታላቁ ልጃቸው ነው፣ አርቦዬ የሚኖረው። "ሳህኑን በሸፈንኩ ቀን ‘አባባ፣ አውቃ ነው’ አለኝ። የዚህች ልጅ እጅ እንዲህ አያደርግም አልኩት። እሱም አልተወኝም፣ እኔም አልተውኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን አላናገርኩትም። ስምንት ወር። በአንቺ ምክንያት።"

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ተቀይመውኛል ብዬ ስሸሻቸው የከረምኩት ሰውዬ፣ በስህተት ነው ብለው አምነው፣ ለእኔ ሲሉ ከልጃቸው ተኳርፈው ኖረዋል። የጎዳኋቸው በኢድ ቀን ሳይሆን በዚያች ሰዓት፣ እውነቱን ስናገር ነው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ፤ ሲያነሱኝ ግን ፊቴን አላዩትም።

"ለእንደሻው ጻፊለት። ይምጣ። የወንድሜ ልጅ ነው፣ ደጄ ክፍት ነው። አንቺን ግን ዛሬ ላይሽ አልችልም" አሉኝ።

በማግሥቱ ለሊሳ ከአርቦዬ ተጠርቶ መጣ። ድምፃቸውን በአጥሩ በኩል ሰማሁ፤ ሽማግሌው ሲያለቅሱ ነበር። ያን ቀን ዳቦ አልጋገርኩም።

አሁን ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሜ "እንዴት አደሩ?" እላቸዋለሁ። ድሮ "ደህና፣ ኢንተለ ኮ" ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለታቸው ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። አሁን "ደህና" ይሉና ያቆማሉ።

ክፍልዎ ተለስኗል፣ አልጋውም ገብቷል። ምድጃው አይፈርስም ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ቢያፈርሱትም አልከራከርም ነበር። ወደ በቆጂ የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ልሂድ ብዬ ዕቃዬን አስሬ ነበር። ፈታሁት። ሐጂ ያችን ቃል እስኪመልሱልኝ ድረስ፣ ከአጥሩ አጠገብ የትም አልሄድም።

ፋናዬ